ትንሿ «ቻይና» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

(ቀናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ አንድ ጽሑፍ ላይ «ቻይና ሱቅ የገባ በሬ» የሚል አነበብኩ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በሬው የገባው ሰሃንና ስኒ መሸጫ ነው፤ ጥንቃቄ በሚፈልግ ቦታ ያገኘውን ሁሉ ለሚያተራምስ ሰው ይባላል። ስስ የሸክላ ዕቃ ወደ አውሮፓ ይጫን የነበረው ከቻይና ስለሆነ እንግሊዝኛ ዕቃውን በአገሩ ስም ጠራው። ለነገሩ የእኛው «ሲኒ»ም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ «ቻይናዊ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ ከሆነ አገር ነው፣ ትንሽ ከሆነ ዕቃ። ግዕዝ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው ተርጓሚው እጅ ላይ ይጠፋል። ዓረፍተ ነገር መጀመሪያና ርዕስ ላይ ግን ምልክቱ አይሠራም፤ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

ጥያቄ፦ ሀምበርገር ውስጥ አሳማ ከሌለ «ሀም» (በእንግሊዝኛ የአሳማ ሥጋ) ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጀርመኗ ሀምቡርግ። «ኧር» ሲጨመርበት «የሀምቡርግ» ይሆናል። ተናጋሪው ያለቦታው ቆርጦ «በርገር»ን ለብቻው አቆመና ቺዝበርገር ተወለደ። (ሥጋው የምን እንደሆነ ግን አስተናጋጁን ይጠይቁ።) ቢኪኒም እንዲሁ ተቆርጧል። ቢኪኒ አሜሪካ ጁላይ 1 ቀን 1946 አቶሚክ ቦምብ የሞከረችበት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት የማርሻል ደሴቶች አካል የሆነ ቦታ ነው፤ ከአራት ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ የቀረበው የዋና ልብስ ስሙን ወሰደ። «ቢ»ን «ሁለት» ነው ያሉ ደግሞ ባለ አንዱን «ሞኖኪኒ» አሉት።

ጥያቄ፦ የቅሌት ዜና ላይ የሚለጠፈውን «ጌት» «በር» ብዬ ልተርጉመው?

መልስ፦ በፍጹም። የተቆረጠው ከዋተርጌት ነው፤ ዋተርጌት ዋሽንግተን ያሉ ሕንፃዎች ስም ነው። ጁን 17 ቀን 1972 የዴሞክራቶቹን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች እዚያ ተያዙ፤ ነገሩ ተጎትቶ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በ1974 ከሥልጣን አወረደ። «የእገሌ ቅሌት» ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ኮቨንትሪ ላኩት»ስ? «ዋተርሉው ገጠመው»ስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው «ተባብረው አኮረፉት፣ የሚያናግረው ጠፋ» ነው፤ የእንግሊዟን ከተማ ከአማርኛው ያውጧት። ሁለተኛው ናፖሊዮን በ1815 ከተሸነፈበት ቦታ የመጣ ነው። ለተራ ሽንፈት አይሆንም፤ ሲያሸንፍ ኖሮ በማይነሳበት አወዳደቅ ለወደቀ ነው።

ጥያቄ፦ ሞካ ቸኮሌት አለው?

መልስ፦ የተጻፈበትን ይዩ። ሞካ ቡና ይጫንበት የነበረ የየመን ወደብ ነው። የካፌ ዝርዝር ላይ ከሆነ ኤስፕሬሶ፣ ወተትና ቸኮሌት ነው። የቡና ከረጢት ላይ «ሞካ ሐረር» ቢል ግን ውስጡ የሐረር ቡና ብቻ ነው።