ሐሙስ ዴሞ አለብኝ ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ለዛሬ አሳደርኩት። በማትስ ተመርቀሽ እዚሁ ጎንደር አንድ የግል ትምህርት ቤት ለ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርነት ጠርቶሻል፣ ሐሙስ ጠዋት የጽሁፍ ፈተና ከዛ የ15 ደቂቃ ዴሞ (ፈታኞች ፊት የሚሰጥ የናሙና ትምህርት) ከዛ ኢንተርቪው አለ ተብለሻል፣ "ምኑን ላንብብ" ነው ያልሽው። ብዙ ሰው የኢንተርቪው ጥያቄና መልስ ፒዲኤፍ ልኮልሻል፣ ክፋት የለውም፣ ግን እኔ በዘጠኝ አመት ውስጥ ሶስት ቦታ ተፈትኜ አሁን ደሞ ከፈታኞች ጋ እየተቀመጥኩ ያየሁት ሰው የሚያልፈውም የሚወድቀውም ዴሞው ላይ ነው። ስለዚህ የቀረሽን ቀን አብዛኛውን ለሱ ስጪው።

የመጀመሪያ ዴሞዬን ወድቄያለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። የክፍልፋይ መደመር ነበር የሰጡኝ፣ 1/2 ሲደመር 1/3። ወደ ቦርዱ ዞሬ የጋራ ታህት 6 ብዬ በሚያምር ጽሁፍ ደረጃ በደረጃ ሰርቼ 5/6 ላይ ስደርስ ስድስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ዞር ስል ተማሪ ሆነው ከተቀመጡት መምህራን አንዷ እጇን አወጣችና "ቲቸር እኔ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምሬ 2/5 ነው የመጣልኝ፣ ለምንድነው ስህተት የሚሆነው?" አለችኝ። እኔ "ክፍልፋይ እንደዛ አይደመርም፣ መጀመሪያ የጋራ ታህት ይፈለጋል" ብዬ አለፍኩ። በዛች መልስ ነው የወደቅኩት። ልጅቷ ለምን ነው ያለችው፣ እኔ የመለስኩላት ህጉን ነው።

በጣም ከንክኖኝ ቅዳሜ አዘዞ እህቴ ጋ ሄጄ 6ኛ ክፍል ለነበረው ልጇ ያንኑ ጥያቄ ሰጠሁት፣ እሱም ቁጭ 2/5 አለኝ። ከደብተሩ ረዘም ያለ ወረቀት ቀደድኩና ስድስት እኩል ቦታ አጠፍነው። ግማሹን ቀባ አልኩት፣ ሶስት ሳጥን ቀባ። ሲሶውን ጨምርበት ስለው ሁለት ሳጥን ጨመረ። ስንት ተቀባ? አምስት። ከስንት? ከስድስት። ቅድም ያልከው 2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል? ስለው ዝም ብሎ ቆየና "ያንሳል… እንዴ ግማሹ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ ያንሳል?" ብሎ ራሱ ያዘው። እኔ ምንም አላልኩም። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ዴሞ ስሰራ ወረቀቱን ይዤ ነው የገባሁት፣ 2/5 ያለ ሰው ካለ ብዬ ጥያቄውን እኔው አነሳሁት፣ በሳምንቱ ደወሉልኝ።

አንቺም የሚሰጡሽን ርዕስ እንዳወቅሽ መጀመሪያ ልጆች እዚህ ጋ ምን ይሳሳታሉ ብለሽ ጻፊ፣ ከዛ ነው ሌሰን ፕላን የሚሰራው። ሰፈር ውስጥ የ6ኛ ክፍል ልጅ አይጠፋም፣ አስቀምጪና ጠይቂው፣ ስህተቱን እሱ ራሱ ያሳይሻል። ሌሰን ፕላኑ ላይ ዓላማ ስትጽፊ "ተማሪዎች ክፍልፋይን ይረዳሉ" አትበይ፣ መረዳቱን በምን ታውቂዋለሽ፣ "ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ይደምራሉ" በይ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ሰጥተሽ መለካት የምትችዪው ይሄንን ነው። 15 ደቂቃ አጭር ናት፣ አንድ ሀሳብ ብቻ ያዢ። የተቀመጡትን ስማቸውን ጠይቀሽ በስም ጥሪ፣ ዝም ያለውንም ጠይቂ፣ ጥግ የተቀመጠው ሆን ብሎ ነው ዝም የሚለው። ቦርድ ላይ ስትጽፊ ጎን ቆመሽ ጻፊ። ጠመኔ ከቤት ይዘሽ ሂጂ። ዴሞውን በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ፣ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል።

የጽሁፍ ፈተናው ብዙ አያስጨንቅም፣ የ6ኛ፣ የ7ኛና የ8ኛ መጽሐፍ ጥያቄዎችን ሰርተሽ ሂጂ፣ ካልኩለስ ስትከልሺ አትደሪ።

ኢንተርቪው ላይ የሚረብሽ ተማሪ ምን ታደርጊያለሽ ማለታቸው አይቀርም። እቀጣዋለሁ፣ እኮረኩመዋለሁ የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ህጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፣ ከህጉም በላይ የተመታ ልጅ ሒሳብን ነው የሚጠላው፣ እነዛን ልጆች 9ኛ ክፍል ላይ እያገኘናቸው ነው። ደከም ያሉትን እንዴት ትረጂያለሽ ሲሉሽ ደሞ "ቱቶሪያል እሰጣለሁ" ብለሽ አታቁሚ፣ ማን ምን እንዳልገባው በምን እንደምትለዪ ንገሪያቸው፣ ለምሳሌ ከክፍል ሲወጡ አንድ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ሰርተው እንዲሰጡሽ ታደርጊያለሽ።

ከመውጣትሽ በፊት አንቺም ጠይቂ፣ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። የሐምሌና የነሐሴ ደሞዝ አለ ወይ? ስንት ክፍለ ጊዜ ነው በሳምንት? የሙከራ ጊዜ ካሉሽ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከ60 የስራ ቀን መብለጥ የለበትም፣ በጽሁፍም መሆን አለበት። እኔ ይሄን ሳልጠይቅ የገባሁበት ቦታ ክረምቱን ያለ ደሞዝ ነው ያሳለፍኩት፣ የቤት ኪራይ ደሞ ክረምት ነው ብሎ አይቀርም።

ዲግሪሽን፣ ስቱደንት ኮፒሽን፣ ከ2015 ወዲህ ከተመረቅሽ የመውጫ ፈተና ውጤትሽንም ኦርጅናሉን ከነኮፒው ያዢ። ጠዋት ታክሲ ስለሚያስቸግር ቀደም ብለሽ ውጪ።

ረቡዕ ከ11 ሰዓት በኋላ ፒያሳ ነኝ፣ ሁለት አስተማሪ ጓደኞቼም አብረውኝ አሉ፣ ርዕሱን ከነገሩሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝና እንደ ተማሪ እንቀመጥልሽ፣ አንዴ ሞክሪው፣ የከበደ የከበደውን ጥያቄ እኛ እንጠይቅሻለን።