መዝገብ ቤት ውስጥ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ ስሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ ከጓደኞቼ ጋር አጫጭር የመድረክ ጭውውቶችን እጽፋለሁ። በቅርቡ አንድ ባልደረባዬ «ፓርክስ ኤንድ ሪክሪኤሽን» የተባለውን፣ በከተማ አስተዳደር የመናፈሻ ቢሮ ላይ የተሠራ የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ባያቸውም ብዙም አላሳቁኝም፤ ተዋንያኑ በየመሀሉ ካሜራውን የሚያዩበት ምክንያትም አልገባኝም። ልቀጥል ወይስ ልተወው? እኔስ ስለ ቢሯችን ብጽፍ፣ ከጉቦና ከ«ነገ ተመለሱ» ሌላ ምን የሚያስቅ አገኛለሁ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ አለመሳቅዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ የጀመረው ይህ ሥራ የመጀመሪያ ምዕራፉ ስድስት ክፍሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በተዋናይቷ ኤሚ ፖለር የምትተወነው ዋና ገጸ ባሕርይ ሌስሊ ኖፕ በእነዚያ ክፍሎች ሰዎች እንደሚስቁባት የማታውቅ የዋህ ሆና ትታያለች። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ደራሲዎቹ ትጋቷን ሳይቀንሱ ችሎታ ጨመሩላት፤ ባልደረቦቿም እየተማረሩም ቢሆን ያከብሯት ጀመር። ሥራው በ2015 ሲጠናቀቅ ሰባት ምዕራፍና 125 ክፍሎች ስለደረሰ፣ በስድስቱ ተስፋ ቆርጠው ቢተዉት የሚያሳዝን ይሆናል።

ካሜራውን የሚያዩት፣ ታሪኩ የዘጋቢ ፊልም መልክ ስለተሰጠው ነው። ፊልም ቀራጺዎች ቢሮው ውስጥ እንዳሉ ስለሚታሰብ፣ በስብሰባ ላይ «እስማማለሁ» ያለው ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ ተቃራኒውን ይናገራል። ፈጣሪዎቹ ግሬግ ዳንኤልስና ማይክል ሹር ይህንን ስልት ቀደም ሲል «ዘ ኦፊስ» በተባለው የአሜሪካ የቢሮ ኮሜዲ ላይ ሠርተውበታል። እርስዎ በመድረክ ላይ ካሜራ አያስፈልግዎትም፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን አቅፎ ወደ ተመልካቹ ዞር ቢል ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኢንዲያና ግዛት ውስጥ ባለች ፖኒ በምትባል የፈጠራ ከተማ ሲሆን፣ የሚነሳውም አን የተባለች ነርስ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ቆማ፣ ወዳጇ በቤቷ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሁለት እግሮቹን እንደሰበረ ስታመለክት ነው። ሌስሊ ጉድጓዱን መናፈሻ አደርገዋለሁ ብላ ቃል ትገባለች። አለቃዋ ሮን ስዋንሰን ደግሞ መንግሥት የሚባል ነገር ራሱ ባይኖር የሚወድ፣ በዚያው መንግሥት ደመወዝ የሚኖር የክፍል ኃላፊ ነው። ሁለቱም ክፉ አይደሉም፣ ይዋደዳሉም፤ ሮን ጉቦ ተቀባይ ቢሆን ኖሮ ሌባው ሲያዝ ታሪኩም ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ጉቦውን ለጊዜው እንዲተዉት እመክራለሁ። ጉቦ ተቀባዩን ሹም ተመልካቹ መጋረጃው ሳይገለጥ ያውቀዋል። ይልቁንስ እያንዳንዱን ፋይል በአቧራውና በክሩ የሚለይ፣ አንድ ገጽ ሲጠፋበት ቤተ ዘመድ እንደሞተበት ሰው የሚተክዝ ሠራተኛ ይጻፉ፤ ከጎኑም ደብዳቤ የተጻፈ እንደሆነ ችግር መጣ ብሎ የሚያምን አለቃ ያስቀምጡ። ባለጉዳይዋ ደግሞ የወሎ እናት ትሁን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትባል አትቆጣም፤ ወንበር ስባ ተቀምጣ «ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ» እያለች መመረቅ ትጀምራለች። ስድብን የለመደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምርቃትን መቋቋም አይችልም፤ ምርቃቱ ሲረዝም ያፍራል፣ ሲያፍር ይነሣል፣ ጠፋ የተባለው ፋይልም ይገኛል። ይህን ትዕይንት ከውጭ ሥራ አይቀዱትም፤ ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ነው ያለው። (ደሴ መናፈሻ የሚባል ክፍለ ከተማ ያላት መሆኗም ለመናፈሻ ቢሮ ኮሜዲ ስሙን አስቀድማ ያዘጋጀች ያስመስላታል።)

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ባልደረቦችዎ ራሳቸውን እንዳያውቁ የአንዱን ጠባይ ለሌላው፣ የወንዱን ለሴቷ ይስጡ።

ፍላሹን ገና ካልመለሱት፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምረው በመጨረሻው አካባቢ ቤን ዋያት የተባለውን ሰው ይከታተሉ። የቢሮውን በጀት ሊቀንስ ከግዛቱ አስተዳደር የተላከ ኦዲተር ሲሆን፣ በ18 ዓመቱ ከንቲባ ሆኖ ተመርጦ የትውልድ ከተማውን ካዝና በአንድ ያልታሰበበት ፕሮጀክት ባዶ ያስቀረ ነው። እንደ ጠላት ገብቶ እንዴት እንደሚወደድ ሲያዩ፣ ለእርስዎ ጭውውት ኦዲተሩን የት እንደሚያስቀምጡት ይገባዎታል።