ጎዶት ላይ የሠራኸው ጌም ወደ ስልክ አልሄድ ሲልህ

ጥያቄ፦ «ጎዶት 4.3 በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም አንድ ትንሽ ጌም ሠርቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ አሪፍ ይሠራል። ለአንድሮይድ ኤክስፖርት ላድርግ ስል ግን ቀይ ጽሑፍ ይደረደርብኛል። ቴምፕሌት የለም፣ ጃቫ አልተገኘም፣ ኤስዲኬው ልክ አይደለም ይላል። ጃቫ 21 ጭኛለሁ። አንድሮይድ ስቱዲዮን እንዳልጭን ራሜ 8 ጊጋ ነው፤ ኢንተርኔቴም በጥቅል ነው። የዊንዶውስ አካውንቴ ስም ደግሞ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ከየት ልጀምር?»

አይዞህ ወንድሜ፣ ጌምህም ላፕቶፕህም ደህና ናቸው። ጎዶት የስልክ ፋይል ለማውጣት ከራሱ ውጭ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ቴምፕሌት (ጌምህ የሚታሸግበት ዝግጁ ፋይል)፣ ጃቫ እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ (ለአንድሮይድ የመሥሪያ መሣሪያዎች ስብስብ)። የት እንዳሉ ካላሳየኸው ፈልጎ አያገኛቸውም። ስለዚህ ጎዶትን አጥፍተህ እንደገና አትጫነው፤ ጥቅልህን ከመጨረስ በቀር የሚፈይድልህ ነገር የለም።

መጀመሪያ ግን የአካውንትህን ነገር እንጨርስ። የአንድሮይድ መሣሪያዎች በፎልደር ስም ውስጥ ከላቲን ውጭ የሆነ ፊደል ሲያጋጥማቸው ይሰናከላሉ፤ ስህተቱንም በግልጽ አይነግሩህም። የአካውንቱን ስም ብትቀይረው ደግሞ የተጠቃሚው ፎልደር በድሮው ስሙ ይቀራል። ስለዚህ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ አዲስ የዊንዶውስ አካውንት ክፈትና ከዚያ ሥራ። ሲ ድራይቭ ላይም አጭር የላቲን ስም ያለው ፎልደር ፍጠር። ኤስዲኬህንም ፕሮጀክትህንም እዚያ አስቀምጥ።

ቴምፕሌቱ ቀላል ነው። ቁጥሩ ከጎዶትህ ጋር አንድ መሆን አለበት። የ4.2 ቴምፕሌት ለ4.3 አይሆንም፤ በሲ ሻርፕ የሚሠራው ጎዶትም የራሱ ቴምፕሌት አለው። ፋይሉ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ያወረደ ጓደኛ ካለህ በፍላሽ ተቀበለው። ከዚያ «ማኔጅ ኤክስፖርት ቴምፕሌትስ» ውስጥ ገብተህ «ኢንስቶል ፍሮም ፋይል» በለው።

ጃቫ ላይ ጥያቄ ሊኖርህ ይችላል፦ አንድ መስመር ጃቫ ሳልጽፍ ለምን ያስፈልገኛል? የተዘጋጀውን ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) የሚፈርመው መሣሪያ በጃቫ ስለሚሠራ ነው። ያልተፈረመ ኤፒኬ ደግሞ አንድሮይድ አይጭንም። ለ4.3 የሚፈለገው ጃቫ 17 ነው። በ21 ኤፒኬው ሊወጣልህ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን 4.3 ይዞት የሚመጣው ግሬድል (የአንድሮይድ መተግበሪያ መገንቢያ መሣሪያ) 21ን ስለማይቀበል በኋላ መንገድ ላይ ያስቀርሃል። 21ን ማጥፋት የለብህም፣ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ተሙሪን የሚባለውን ነፃ ጃቫ 17 አውርድ፤ ጄዲኬው (ሙሉ የመሥሪያ ጥቅሉ) ይሁን እንጂ ጄአርኢው (ማስኬጃው ብቻ) አይበቃህም። ስትጭነው «ጃቫ ሆም»ን (ጃቫ የት እንዳለ የሚጠቁመውን ቅንብር) እንዲያስተካክል የሚጠይቀውን ምርጫ አብራ።

አንድሮይድ ስቱዲዮን ተወው። በ8 ጊጋ ራም ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የስልክ አምሳያ) ከፍቶ መሥራት ራስን ማሰቃየት ነው፤ ስልክህ ይበልጣል። ከአንድሮይድ ዴቨሎፐርስ ገጽ ታች «ኮማንድ ላይን ቱልስ» ብቻውን ይገኛል፣ እሱን ዚፕ አውርድ። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ በል። ዚፑን ስትፈታ «ሲኤምዲላይን ቱልስ» የሚል ፎልደር ይወጣል፤ በውስጡ «ቢን» እና «ሊብ» አሉ። እንዲሁ ብትተወው «የኤስዲኬው መነሻ አልታወቀም» ብሎ ይቆማል። በዚያው ፎልደር ውስጥ «ላተስት» የሚል አዲስ ፎልደር ፍጠርና ያሉትን ሁሉ ወደዚያ አዛውር። አሁን «ቢን» ውስጥ ያለው፣ በትእዛዝ መስኮት የሚሠራው ማውረጃ «ኤስዲኬ ማናጀር» ይሠራል። በእሱ ሦስት ነገር አውርድ፦ ፕላትፎርም ቱልስ፣ ቢልድ ቱልስ 34 እና ፕላትፎርም 34። ፈቃዶቹን ሲጠይቅህ ዋይ (y) እየጻፍክ እለፍ። የጎዶት መመሪያ ኤንዲኬና ሲሜክ የሚባሉ የሲ++ ኮድ መገንቢያ መሣሪያዎችንም ይዘረዝራል። ለተራ ኤፒኬ አያስፈልጉህም፤ ኤንዲኬ በጣም ከባድ ስለሆነ ለጊዜው ጥቅልህን አታቃጥልበት።

ቀጥሎ በጎዶት «ኤዲተር ሴቲንግስ» ውስጥ «ኤክስፖርት»፣ ከዚያ «አንድሮይድ» ግባ። ለጃቫ የምትሰጠው ፎልደር «ቢን» የሚገኝበት ነው፤ ራሱን «ቢን»ን አትስጠው። ለኤስዲኬም እንደዚሁ፣ ፕላትፎርም ቱልስና ቢልድ ቱልስ ጎን ለጎን የሚታዩበትን የላይኛውን ፎልደር ስጠው። አብዛኛው ቀይ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይጠፋል።

ከቀረ፣ «ኢቲሲ2 ኤኤስቲሲ» የሚል ሳይሆን አይቀርም። እሱ የምስሎችህ አጨማመቅ ጉዳይ ነው፤ «ፕሮጀክት ሴቲንግስ» ውስጥ በዚያው ስም ፈልገህ አብራው። ሬንደረሩንም (ጌሙን ስክሪን ላይ የሚስለውን ክፍል) «ኮምፓቲቢሊቲ» እንድታደርገው እመክርሃለሁ። ጌምህ ሁለት ዳይሜንሽን ከሆነ ብዙም የሚጎድልህ የለም፤ ያረጀ ስልክ የያዘው ተጫዋችም መጫወት ይችላል።

ወደ ስልኩ እንሂድ። ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ስትነካው የዴቨሎፐር ምርጫ ይከፈታል፤ «ዩኤስቢ ደበጊንግ»ን አብራ። ሬድሚ ከሆነ «ኢንስቶል ቪያ ዩኤስቢ» የሚለውንም ለብቻው ታበራለህ። ላፕቶፑ ስልኩን አይቶ «አንኦቶራይዝድ» ካለህ የስልኩን ስክሪን ተመልከት፣ ፈቃድ እየጠየቀህ ነው። ጨርሶ ካላየው ኬብሉን ቀይር። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ ኬብሎች ገበያው ላይ ሞልተዋል።

ፕሌይ ስቶር ላይ ልትጭነው ስታስብ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። ከነሐሴ 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ለአዲስ መተግበሪያ የሚቀበለው በኤፒኬ ፈንታ ኤኤቢ የሚባለውን የመተግበሪያ ጥቅል ፋይል ነው። ጎዶት እሱን የሚያወጣው በግሬድል ስለሆነ የቀሩትን ከባድ ፋይሎች ያኔ ታወርዳለህ። የራስህን የፊርማ ቁልፍም ያኔ ትፈጥራለህ። ቁልፉንና የይለፍ ቃሉን ከላፕቶፑ ውጭ ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ አንዱ ፍላሽ ላይ ይሁን።