ማርሚታ ከመቁረጣችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ምክር እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ፈጣን መኪና ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ሰሞኑን እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ለዚች ቪትዝ ትንሽ ጉልበት አይጨመርላትም?» ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) ተቆርጧል፣ ቸርኬዋ ተቀይሯል፣ ስትነሳ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ጉልበቷ ግን ያው ነው። ፍላጎታችሁን አልነቅፍም። መንገዱን ግን ከእናንተ በፊት የሄደበት ሰው አለና ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ሰውየው ቡርካርድ ቦቨንዚፐን ይባላል፤ አገሩ ጀርመን፣ ባቫሪያ ነው። አባቱ ካውፍቦይረን ከተማ ውስጥ የቢሮ መሣሪያ ፋብሪካ ነበራቸው። አልፒና የሚባል የጽሕፈት መኪና ያመርቱ ነበር። የልጁ ልብ ግን ሞተር ላይ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢኤምደብልዩ የሚባለው የመኪና ኩባንያ 1500 የምትባል መኪና አወጣ፤ 80 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ብዙም ሳይቆይ 90 ጉልበት ያላት 1800 ተከተለች። አስቡት፣ አዲስ መኪና ገዝተህ ገና ሳትጠግባት የተሻለችው ስትመጣ። ቦቨንዚፐን ለ1500 ባለቤቶች ሁለት የዌበር ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ያለው መለዋወጫ አዘጋጀ። እሱ ሲገጠምላት ጉልበቷ ከ1800 ጋር ተስተካከለ።

«ለ10 ፈረስ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ወሬ?» ትሉኝ ይሆናል። ዌበር የጣሊያን ሥራ ነው፤ ሰይቼንቶ የምትባለውን የድሮ ፊያት ታክሲ የጠገነ የአዲስ አበባ መካኒክ በደንብ ያውቀዋል። አንዱን ማስተካከል ቀላል ነው። ሁለቱን እኩል ማስተንፈስ ግን ሌላ ሙያ ነው። አንደኛው ትንሽ ከበለጠ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ሲነዳ ይንተፋተፋል። የድሮ መካኒኮች ቀጭን የጎማ ቱቦ ይዘው አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን የካርቡራቶሩ አፍ ላይ ያደርጉና የአየሩን ፉጨት ያዳምጣሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይዞራሉ። ፉጨቱ አንድ ዓይነት እስኪሆን ብሎኗን በትንሽ በትንሹ ያዞራሉ። በዚህም አያበቃም። መኪናዋን ነድተው ይመጡና ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ይፈታሉ። ጫፉ ከነጣ ቤንዚን አንሷታል፤ እንዲህ ሆና ረጅም መንገድ ከተጋለበች ፒስተን ትበሳለች። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ዛሬ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል ብላችሁ አትናቁት። ላፕቶፕ ይዞ ነዳጅ የሚያስተካክለው ልጅም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጆሮው ተቀየረ እንጂ ሥራው አልተቀየረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1964 ቢኤምደብልዩ የዚህን ሰው ሥራ መረመረ። ከዚያም እሱ ያዘጋጀው ካርቡራቶር የተገጠመላቸው መኪኖች የፋብሪካ ዋስትናቸው እንዲጸና ፈቀደ። ይኼን ደግማችሁ አንብቡት። ሞተሩን የሠራው ኩባንያ፣ ሌላ ሰው ነካክቶት ከተበላሸ ኪሳራው የእኔ ነው አለ ማለት ነው። እኛ አገር አንዲት ብሎን ከነካህ «ዋስትናህ አከተመ» ትባላለህ። ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ ስንት የተበላሸ ሥራ አይተዋል።

በዓመቱ፣ ጥር 1 ቀን 1965፣ ቦቨንዚፐን 8 ሠራተኛ ይዞ ኩባንያውን አቋቋመ። «አልፒና» የሚለውን ስም ከአባቱ የጽሕፈት መኪና ወሰደ። ዓርማው ላይ አንበሳም ንስርም የለም። ካርቡራቶርና ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) ነው ያለው። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ እንጀራው የወጣበትን ዕቃ ነው የሰቀለው። በ1970 እዚያው አቅራቢያ ወዳለችው ቡክሎ ከተማ ተዛወሩ። እሽቅድድም ውስጥም ገቡ። በ1973 ተወዳዳሪዎቹ ኒኪ ላውዳና ሃንስ ፒተር ዮይስተን ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የጀርመን የመኪና መወዳደሪያ የ24 ሰዓቱን ውድድር ያሸነፉት በአልፒና መኪና ነው። ላውዳ ገና የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ማለት ነው።

የእሽቅድድሙን ወሬ እዚህ ላይ ልተወው፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውድድሩን አቆሙና በ1978 ሙሉ መኪና ወደ መሥራት ዞሩ። በ1983 የጀርመን መንግሥት ራሱን የቻለ መኪና አምራች ብሎ መዘገባቸው። በ1989 ደግሞ ቢ10 ቢቱርቦ መጣች። 360 የፈረስ ጉልበት፣ ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት። አራት በር ያላት የቤተሰብ መኪና ናት እኮ! ልጆችህን ከኋላ ጭነህ፣ ሻንጣህን አስገብተህ፣ ሳትጮህ ትሄዳለች። ምርቱ እስኪያበቃ የተሠሩት 507 ብቻ ናቸው። ሰውየው በጎን የወይን ጠጅ ንግድም ነበረው፤ ያም ተሳክቶለታል። በ2022 ቢኤምደብልዩ የአልፒናን ስም ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ቦቨንዚፐን አረፈ።

እንግዲህ ነገ አንድ ደንበኛ «ጉልበት ጨምርልኝ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ። ጎማውን፣ አሞርዛተሩን (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደውን) እዩ። በቅጡ የማትቆም መኪና ላይ ጉልበት መጨመር ደንበኛን ወደ ገደል መግፋት ነው። ከመንካታችሁ በፊት የነበረችበትን ሁኔታ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከነካችሁ በኋላም ያደረጋችሁትን ጻፉ። ወር ቆይታችሁ ጥሯትና ካንዴላውን ራሳችሁ ፍቱ።

ዋስትናውንም በቃል አትስጡ፤ ወረቀት ላይ ይስፈር። የሦስት ወር ከሆነ ሦስት ወር በሉ፣ ፈርሙበት፣ ስልካችሁን ጨምሩበት። ደንበኛው በሁለት ወር ከሃያ ቀኑ ተበላሸብኝ ብሎ ሲደውልም አንሱት።