ካቦው ጠብቆም የማይዝ የእጅ ፍሬን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴን ኮሮላ ዲኤክስ እየነዳሁ ነው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ በራችን ላይ ያለው መንገድ ዳገት ነው። የእጅ ፍሬኑ አልይዝ ሲለኝ ጋራዥ ወሰድኩት። ካቦውን፣ ማለትም ከእጀታው ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን የብረት ገመድ፣ አጠበቁልኝና ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሆነ። አሁን እጀታውን እስከ 11 ጠቅታ ብስበውም መኪናው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ረዘም ያለ መንገድ ከነዳሁ ደግሞ ከግራው የኋላ ጎማ የመቃጠል ሽታ ይመጣል። ሰፈራችን ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ጎማው ሥር ድንጋይ ሳላደርግ ቤት መግባት ፈርቻለሁ። ካቦው ይቀየር ወይስ እንደገና ይጠበቅ?
የሽሮ ሜዳዋ አስተማሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ድንጋዩን ለጊዜው አታንሺው። ካቦውን ግን ማንም እንዳያጠብቀው። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ነገሩን ያባሰው ማጥበቁ ይመስለኛል።

የዲኤክስ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። በየጎማው ታምቡር የሚባል፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት አለ፤ ታምቡሩ ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ፍሬን ስትረግጪ ዘይቱ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። እጀታውን ስትስቢ ደግሞ እነዚያኑ ሸራዎች ካቦው ይከፍታቸዋል። ሸራው ሲበላ በእሱና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ይህን ክፍተት የምትዘጋ ጥርስ ያላት ትንሽ ማስተካከያ ውስጥ አለች። በአሮጌ መኪና ይህች ዕቃ በአቧራና በዝገት ተይዛ መዞር ታቆማለች። ያኔ እጀታው እየረዘመ ይመጣል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ታምቡር ማውለቅ ሥራ አለው። ጎማ ይፈታል፣ አንዳንዴም ታምቡሩ ዝጎ አልወጣም ይላል። ካቦ ማጥበቅ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። እጀታው ወዲያው ያጥራል፤ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ውስጥ ያለው ሸራ ግን ካቦው ሁልጊዜ ትንሽ ስለያዘው ወደ ቦታው አይመለስም። ስትነጂ ውለሽ ታምቡሩን እየታከከ ይግላል። ሲግል ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሸራ ደግሞ አይዝም። የሸተተሽ ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እኔም ለማጅ ሳለሁ ይህንኑ ሠርቼዋለሁ። የአንድ ደንበኛ ፊያት ነበር። ካቦውን አጥብቄ ሸኘሁት፤ ሰውየው በዚያው ወደ አዳማ ወረደ። መኪናው ተመልሶ ሲመጣ ታምቡሩ ከሙቀቱ የተነሳ ወደ ሰማያዊ ተቀይሮ ነበር። ሰውየው በሰላም መመለሱን ሳስብ ዛሬም አምላኬን አመሰግናለሁ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። ታምቡሩን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጡን ሳላይ ካቦ ነክቼ አላውቅም።

ጋራዥ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ትንሽ ነድተሽ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሚ። እጅሽን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጊ፤ እንዳትነኪያቸው ብቻ። ግራው ከቀኙ ለይቶ የሚጋረፍ ሙቀት ካለው፣ ሸራው እየታከከ ነው። የግራው ካቦ ራሱ ዝጎ ሽፋኑ ውስጥ ተይዞ ቢሆንም ያው ሙቀት ይኖራል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ተፈቶ ሲታይ ነው።

መኪናው ሲነሳ ደግሞ አደራሽን። ዲኤክስ የሚነዳው በኋላ ጎማው ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሳ፣ ማርሽ ውስጥ መሆኑ መኪናውን አይዘውም። አየር ላይ ያለው ጎማ ዝም ብሎ ይዞራል፤ መሬት ላይ የቀረው፣ ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ እንዲዞሩ በሚያደርገው በዲፈረንሻሉ የተነሳ፣ እንደልቡ ይንከባለላል። ለዚህ ሥራ የእጅ ፍሬኑም መለቀቅ አለበት። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

መካኒኩን እንዲህ በዪው። መጀመሪያ ካቦው እጀታው ጋ ይላላ። ከዚያ ሁለቱም ታምቡሮች ይውለቁ። ሸራው ርጥብ ከሆነ ዘይት እየፈሰሰ ነው። የፍሬን ዘይት ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ነው ያለቀው። ወፍራምና ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ፍሳሹ ሳይቆም አዲስ ሸራ ማስገባትም ገንዘብ መጣል ነው። ደረቅ ሆኖ 1 ሚሊሜትር ብቻ ከቀረውም አልቋል። ሲቀየር በግራም በቀኝም ይቀየር፤ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዢ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስብሻል። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ሸራ ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያዪው።

አቧራውን በአየር አያናፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ ይጎዳል። በርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ብዙ ጋራዥ ይህን ችላ ሲል አያለሁና ያሳዝነኛል፤ እዚያ የሚውሉት ልጆች ገና ወጣቶች ናቸው።

ማስተካከያዋ ተፈትታ ትጽዳ፣ ግሪስም ይነካት። ታምቡሩ ሲመለስ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ለስለስ ያለ የመታከክ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ትከፈት። ከዚያ የእግር ፍሬኑ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ሸራው ቦታውን የሚይዘው ያኔ ነው። ካቦው የሚጠበቀው መጨረሻ ላይ ነው። በብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት መኪኖች ከ5 እስከ 8 ጠቅታ ባለው ውስጥ አጥብቆ መያዝ አለበት። እጀታው ሲለቀቅ ደግሞ ሁለቱም ጎማዎች በነፃ ይዙሩ። ይህን ራስሽ በእጅሽ አዙረሽ እዪ።

ካቦው መቀየር ያለበት ሽፋኑ ውስጥ እንደልብ ካልተንሸራተተ ወይም ሽቦዎቹ መበጣጠስ ከጀመሩ ነው።

እስኪሠራ ድረስ ብትችዪ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሚው። ካልሆነልሽ ፍሬን እንደረገጥሽ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ማርሽ አስገቢ። ፊቱ ወደ ዳገቱ ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከሆነ የኋላ ማርሽ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ካለ፣ ወደ ዳገት ስታቆሚ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ቁልቁለት ስታቆሚ ወደ ቀኝ አጥፊው። ቢንሸራተት ጎማው ጠርዙ ላይ ያርፋል። ድንጋዩም በቁልቁለቱ በኩል ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ። ከመሄድሽ በፊት ግን አንሺው፤ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ለሞተር ሳይክል አደገኛ ነው።

ከጋራዥ ስትወጪ በስንት ጠቅታ እንደሚይዝ ቁጠሪና ጻፊልኝ። የግራው ሸራ ምን መስሎ እንደተገኘም ንገሪኝ።