መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀር ኪሳራው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ቡና ቆልተን ፈጭተን የምንሸጥ ነን። አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ቡና ለማቅረብ ጨረታ ገብተን፣ የታሸገውን ሰነድ በአንድ መልእክት አድራሽ ድርጅት ላክን። «ነገ ይገባል» ብለውን ነበር። የደረሰው ግን ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰልን። ስንጠይቅ የደረሰኙን ጀርባ አሳዩን፤ «ለዘገየ ወይም ለጠፋ መልእክት ከላኪው ከተቀበልነው ሂሳብ በላይ አንከፍልም» ይላል። በቃ ዝም እንበል?

መልስ፦ ኧረ ዝም አትበሉ! ይህ ክርክር ከቴሌግራፍ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ፕሪምሮዝ የሚባል የፊላደልፊያ የሱፍ ነጋዴ ለወኪሉ በምስጢር ቃላት ቴሌግራም ይልካል። «ገዝቻለሁ» ማለት የነበረችው ቃል መንገድ ላይ አንድ ፊደሏ ተቀየረና «ግዛ» ሆና ደረሰች። ወኪሉም ሱፉን ገዛው፣ ነጋዴው ከ20,000 ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1894 እ.ኤ.አ. የፈረደለት የቴሌግራሙን ዋጋ፣ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ብቻ ነው። ለምን? ቅጹ ላይ «ተጨማሪ ከፍለህ መልእክቱን ለማመሳከር ካላስደገምክ ከዋጋው በላይ አንጠየቅም» የሚል ታትሟል፤ ደግሞም በምስጢር የተጻፈን ነገር ክብደት ኩባንያው ከየት ያውቃል ተባለ። እኔ ሁለተኛው ምክንያት ይገባኛል። የመጀመሪያው ግን እስካሁን አይዋጥልኝም፣ ምክንያቱም መስኮት ላይ ቆሞ የሚከፍል ሰው የታተመውን ቅጽ ከመፈረም ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ስለዚህ የደረሰኙ ጽሑፍ እንዲሁ ባዶ ወረቀት አይደለም። ግን አንቀጽ 1801ን አንብቡ። ውሉ ሲደረግ ጉዳቱን የሚያከብደውን ልዩ ሁኔታ ለሌላው ወገን ካሳወቃችሁ፣ ወይም ጥፋቱ ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ካሳው በእርግጥ በደረሰው ጉዳት ልክ ነው ይላል።

እንግዲህ ፖስታችሁን አውጡና እዩት። የጨረታ ፖስታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «የጨረታ ሰነድ» ተብሎ ቁጥሩና የሚከፈትበት ቀን በትልቁ ይጻፋል። ያ ካለ፣ የተረከባችሁ ሠራተኛ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ የፕሪምሮዝ ችግር እናንተ ላይ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ፖስታውን እንዳትቀድዱት፣ እንዳትጥሉትም።

ጨረታውን ብታሸንፉ ታገኙ የነበረውን ትርፍ በሙሉ መጠየቅ ግን ከባድ ነው፣ ማሸነፋችሁ እርግጠኛ አልነበረምና። ሰነዱን የገዛችሁበትንና ለጨረታ ማስከበሪያው ባንክ የከፈላችሁትን ደረሰኝ ሰብስቡ። መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ደብዳቤውን የተቀበለ ሰው ግልባጩ ላይ ይፈርምላችሁ። መልስ ካጣችሁ እዚያው ጅማ ጠበቃ ይዛችሁ ክሰሱ።