እንጨት መሳይ ሴራሚክ ልታስነጥፊ ለተዘጋጀሽው እህቴ፦ ሰኞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልደታ ያለው ኮንዶሚኒየምሽ ሊሾ ላይ እንጨት መሳይ ሴራሚክ ልታስነጥፊ መሆኑን፣ 20 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነውን መውደድሽን፣ ሠራተኛው በአሸዋና ሲሚንቶ ማልታ እየለጠፈ ግማሽ ለግማሽ እያፈራረቀ (የአንዱ ረድፍ ጫፍ በቀጣዩ ረድፍ ሴራሚክ መሐል ላይ እንዲውል) ሊሠራልሽ መስማማቱን ጽፈሻል። ሰኞ ይጀምራል ብለሻል። ላሚኔት፣ ማለትም ከታመቀ እንጨት የሚሠራው ተገጣጣሚ ወለል፣ ይሻል እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያንኑ መጠን በዚያው አሠራር አስነጥፌ ዓመት ሳይሞላው በመዶሻና በመሮ አስነቅዬዋለሁ። ስለዚህ እባክሽ ሰኞ አይጀመር። በአንድ ሳምንት የሚጎድልብሽ ነገር የለም።

1. ላሚኔቱን ተይው። እኛ ቤት ቡና ይፈላል፣ ፍም ይወድቃል፣ በዓል ሲመጣ እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉ በባልዲ ውሃ ይታጠባል። ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ላሚኔት አስነጥፋ ነበር፤ አሁን ረከቦቱ ከሚቀመጥበት አጠገብ ሁለት የጠቆሩ ክቦች አሉ፣ ወደ ኩሽና የሚወስደው በር ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ሴራሚክ ከዚህ ሁሉ ይገላግልሻል። ግን እንጨት ይመስላል እንጂ እንደ እንጨት አይሞቅም። ክረምት ላይ ጠዋት በባዶ እግርሽ ስትረግጪው በረዶ ነው፤ አልጋሽ አጠገብ ምንጣፍ አስቢበት።

2. ስትገዢ ካርቶኑን አንብቢ። ናሙናው ላይ ብቻ አትፍረጂ። ካርቶኑ ጎን ላይ የቀለሙን ምርት የሚለይ ቁጥር አለ፤ "ቶን" ወይም "ሼድ" ከሚል ቃል አጠገብ ታገኚዋለሽ። "ካሊበር" የሚል ሌላ ቁጥርም አለ፣ እሱ ትክክለኛውን ልክ የሚያሳይ ነው። ስሙ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ ሆኖ እነዚህ ቁጥሮች ከተለያዩ ወለልሽ ላይ ይታያል። እያንዳንዱን ካርቶን ከመጫንሽ በፊት አይተሽ አረጋግጪ። እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ተለክቶ 42 ካሬ መጣ። አንድ ካርቶን ውስጥ 5 ፍሬ አለ፣ 1.2 ካሬ ይሸፍናል። ሻጩ ካልኩሌተሩን መታ መታ አድርጎ "35 ካርቶን ልክ ይበቃሻል" አለኝ። አመንኩት። ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሴራሚክ ይቆረጣል፣ ይሰበራል፣ ጥግ ላይ ቁራጭ ይተርፋል። ቢያንስ 10 በመቶ መጨመር ነበረበት፤ 39 ካርቶን ማለት ነው። ዓሣ አጥንት የሚመስለውን አነጣጠፍ ከፈለግሽ ደግሞ 15 በመቶ ጨምሪ። ይህ የሆነው ግንቦት 2016 ነው። ሁለተኛው መኝታ ቤት ላይ ሲደረስ ዕቃው አለቀ፣ ሠራተኛውም ሌላ ሥራ ይዞ ጠፋ። ነሐሴ ላይ አራት ካርቶን ልገዛ ስመለስ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ሳምንታት አልፈዋል፤ ዋጋው ሌላ ሆኗል። እሺ ብዬ ከፍዬ ወሰድኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ቀለሙ ቀላ ይላል። የኔ ግራጫ ያለበት ቡናማ ነው፣ ይሄ የጡብ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በማግሥቱ ታክሲ ተኮናትሬ ካርቶኖቹን ይዤ ተመለስኩ። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሁለት ደንበኞች ፊት፣ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለውን ማንበብ አትችዪም?" አለኝ። ቁጥሩ እንደሚለያይ ቀድሞ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው! በዕለቱ ከነገርኩት ሁሉ አንዱንም አልመለሰልኝም። አራቱን ካርቶን እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ።

ስለዚህ ተክለ ሃይማኖትም ሂጂ፣ ሃያ ሁለትም፣ መርካቶም፣ ደረሰኙ ላይ የቶን ቁጥሩ ይጻፍልሽ፤ ያልተከፈተ ካርቶን የሚመልሱ መሆኑንም በጽሑፍ ይስጡሽ። አንድ ካርቶን አስከፍተሽ አምስቱንም መሬት ላይ ደርድሪ። የእንጨቱ ቋጠሮ በሁለቱ ላይ እዚያው ቦታ ከታየሽ፣ የሥዕሉ ዓይነት ጥቂት ነው ማለት ነው፤ ወለልሽ ላይ ያ ቋጠሮ በየሜትሩ እየተደጋገመ ዓይንሽን ይወጋሻል። ፊቱ የሚያብረቀርቀውን አትውሰጂ፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል፣ እንጨትም አይመስልም። ስንጥቁ በጣም ጥልቅ የሆነውም የአዲስ አበባን አቧራ ይዞ አይለቅም። ለተሸካሚም በጀት ያዢ፤ 39 ካርቶን ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ይጠጋል፣ በደረጃ ነው የሚወጣው።

3. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ገንዘቤን የበላው ሴራሚኩ አይደለም፣ አነጣጠፉ ነው።

ረጅም ሴራሚክ እቶን ውስጥ ሲጋገር መሐሉ በትንሹ ይጎብጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመሽ ጫፋቸውን እይ፤ መሐሉ ተነካክቶ ጫፉ ክፍት ይሆናል። ትንሽ ከሆነ በፋብሪካ የሚፈቀድ ነው፣ በሁሉም ላይ ጥቂት ይኖራል። ሠራተኛሽ ግማሽ ለግማሽ ሲያፈራርቅ የአንዱ ከፍ ያለ መሐል ከጎረቤቱ ዝቅ ያለ ጫፍ ጋር ይገናኛል። ያኔ አንዱ ጠርዝ ከሌላው በላይ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሲሶ ይፈራረቅ፤ 120 ከሆነ በ40 ሳንቲ ሜትር። የኔው ሠራተኛ ይህን ሲሰማ "አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሴራሚክ ያው ሴራሚክ ነው" ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር እጁ ጥሩ ነው፤ 40 በ40 ሲያነጥፍ የሚያህለው የለም። ረጅሙን ግን ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የሳሎኑ ሥራ እንዳለቀ ማታ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ በበረንዳው በር በኩል ወለሉ ላይ ተኛች። እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ጣለ። መቶ ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየኝ። ጣቴን ሳሳልፍበት ጥፍሬ ይይዘዋል። ረከቦቱን ሳስቀምጥ አንድ እግሩ አልደርስ አለ፣ ሲኒዎቹ ተንጫጩ። ይህም ይሁን ብዬ ልተወው ነበር። እናቴ ከመኝታ ቤት ስትወጣ የእግሯ ጣት ጠርዙን መትቶ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ሰባ አልፏታል። የዚያን ዕለት ማስነቀሉን ወሰንኩ።

ሲነቀል ሁለተኛውን ጥፋት አገኘሁት። መጀመሪያም ሳንኳኳው አንዳንዱ ድፍን፣ አንዳንዱ ባዶ ጣሳ የሚመስል ድምፅ ይሰጥ ነበር። ፍሪጁ ሥር ያለው ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቋል። ለካ ሠራተኛው ከእያንዳንዱ ሥር አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ ማልታ አስቀምጦ በላዩ ተጭኖት ነው፤ የቀረው ክፍት ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ሴራሚኩ እጅ ሲነካው መነሣቱ ነው። ጀርባው ንጹሕ! ከፋብሪካ የመጣበት ነጭ ዱቄት እንኳ አልለቀቀም። የኔው ሴራሚክ ፖርሰሊን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ዓይነት ነው፤ ፖርሰሊን ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ በታች ነው፤ ተራ ሲሚንቶ ደግሞ የሚይዘው የሚመጥ ነገር ላይ ነው። ለዚህ ነው ለፖርሰሊን የተሠራ የሴራሚክ ማጣበቂያ የግድ የሚሆነው። ከረጢቱ ላይ ለፖርሰሊን መሆኑ ተጽፎ እይ። ዋጋው ከሲሚንቶ ይበልጣል፣ አዎ። ሁለት ጊዜ ከመክፈል ግን ያንሳል፤ እኔ የወር ደመወዜን ከነጭራሹ ለማስነቀያና ለፍርስራሽ ማስወገጃ ነው የሰጠሁት።

ማልታው ወለሉን ስለሚያነሣው በሮቼም ከሥራቸው ተቆርጠው ነበር። በማጣበቂያ ሲሠራ ግን ከነሴራሚኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚጨምረው።

ሁለተኛውን ሠራተኛ ያገኘሁት የሠራውን ቤት ሄጄ አይቼ ነው። ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ካሬውን አይደለም፤ ጫማውን አውልቆ ስታጃውን፣ ያን ረጅም ቀጥ ያለ ማስተካከያ፣ ወለሉ ላይ አስተኛና ከሥሩ በሚያልፈው ብርሃን እያየ ጎድጓዳውን በጠመኔ አከበበ። በረንዳው አጠገብ 8 ሚሊ ሜትር ጎድሎ ነበር። ለረጅም ሴራሚክ በ3 ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጉድለት መኖር የለበትም። ሞላው፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። (አንቺ ወለሉን እንደ አዲስ በወፍራሙ የምታስለስኚ ከሆነ 28 ቀን አቆይው።) ከዚያ ከተለያዩ ካርቶኖች እየቀላቀለ ሳይለጥፍ ደረደረልኝ፣ ቋጠሮዎቹን አራራቀ፣ አይቼ እሺ ስል ጀመረ። ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ በጥርሳሙ ብረት ወለሉ ላይ ማጣበቂያውን አሰመረ፣ ጀርባውንም ስስ አድርጎ ቀባው። ሦስተኛውን እንደለጠፈ አስነሣልኝ። ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸፍኗል። አንቺም በዚህ መንገድ አስነሺው፤ ቅር የሚለው ሠራተኛ ካለ ቅር ይበለው።

በየጠርዙ የሚያስተካክሉትን የፕላስቲክ ክሊፖችና ሽብልቆች ተጠቅሟል፤ ክሊፕ ግን የጎበጠ ሴራሚክ አያቃናም፣ ጎድጓዳ ወለልም አይሞላም፣ "ክሊፕ አለኝ" የሚልሽን በዚያ ብቻ አትመኚው። በሴራሚኮቹ መሐል 3 ሚሊ ሜትር ተወ። በግድግዳው ዙሪያም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍት አስቀረ፣ ከግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። በሴራሚኮቹ መሐል የሚሞላውን ግራውት ነጭ አታድርጊ፤ ከሴራሚኩ ጥቁር መስመር ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ቶሎ ቶሎ በስፖንጅ ይጠረግ፣ በስንጥቁ ውስጥ ከደረቀ መከራ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜል አስቀድመሽ ሙዪ፣ ማጣበቂያው ተቦክቶ ውሃ አይጠብቅም። የክፍያውን ሩብ ይዘሽ ቆዪ፤ እያንዳንዱን አንኳኩተሽ ስትጨርሺ ስጪው።

አሁን ቤቴ ማታ ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ዝም ያለ ነው። አንድ ጥላ የለውም። ለእንግዳ ሁሉ አሳያለሁ፣ ያኮራኛል።

ለሰኞው ዛሬውኑ ደውዪለት። "ረጅም ሴራሚክ የት ሠርተሃል? ወስደህ አሳየኝ" በዪው። በሲሶና በማጣበቂያ እሠራለሁ ካለ ጥሩ፤ ካላለ ቀብድሽን ጥለሽም ቢሆን ተለዪው። አቅጣጫውን ጠይቀሽ ነበር፦ ከበረንዳው በር ወደ ውስጥ በረጅሙ ይዘርጋ፣ ብርሃኑ አብሮት ይሄዳል፣ ሳሎኑም ይረዝማል። ስታጃ ከሌለው እኔ ጋ ሁለት ሜትር የሆነ አለ፣ መጥተሽ ውሰጂ።